የተመለሰው መሐላ

ስለዚያ ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚወራውን ሁሉ ሰምቻለሁ። «ፈረንጅ ያስተማራትን ተንኮል በካህን ፊት አመጣችው» ይላሉ። «ባሏን ከእናቱ አፈር ለየችው» ይላሉ። «ሬሳው ሳይነሳ ሥራ ገባች» የሚለውም አለ። ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም። ከሚያወሩት ሰዎች ጋር በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም ነበረብኝ። አሁን ሰባውን አልፌያለሁ፣ የምስማቸውም ሰዎች ቀንሰዋል። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው። ፍርዱን እናንተ ስጡ፤ ባትሰጡም ግድ የለኝም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆች አቆጣጠር ሁለት ሺህ ስድስት፣ ብርዱ ገና ሳይወጣ ነው። ያኔ ባለቤቴ ታደሰ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል። ልጃችን ሄለን ኮሌጅ ናት። እኔ ደግሞ ከሲልቨር ስፕሪንግ በባቡር ተነስቼ፣ መሐል ከተማ ባቡር ቀይሬ፣ ኪንግ ስትሪት እወርድና አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ እንከባከባለሁ። መድኃኒት አቀርባለሁ፣ ሾርባ እሠራለሁ፣ ደረጃ ሲወርዱ ክንዳቸውን እይዛለሁ።

ሽማግሌው የአየርላንድ ሰው ነበሩ። ስማቸው ዶናል ነው። የቤተሰብ ስማቸው ሌላ ቢሆንም እኔ በአገሬ ልማድ «ሚስተር ዶናል» አልኳቸው። አሜሪካዊ ያገባችው ልጃቸው ልታርመኝ ስትል፣ «ተያት። ዕድሜዬን ሙሉ በአባቴ ስም ስጠራ ኖሬ ዛሬ ገና በራሴ ስም ተጠራሁ» አሏት። እንግሊዝኛ አንቺንና አንቱን አይለይም። እሳቸው ሲያናግሩኝ ግን እኔ የምሰማው ሁልጊዜ «እርስዎ» እንዳሉኝ ነበር።

ሥራቸው ሕግ ነበር። በባሕር ጠረፍ ባለች ትንሽ ከተማ ተወልደው አጎታቸው ቢሮ በተለማማጅነት ጀመሩ። በአገራቸው ሁለት ዓይነት የሕግ ሰው አለ። አንዱ ዊግ አድርጎ ችሎት ላይ ይከራከራል። ሌላው ቢሮው ተቀምጦ ውል፣ ኑዛዜና የቤት ሽያጭ ይሠራል፤ ይሄኛው ሶሊሲተር ይባላል። «እኛ ዊግ የለንም፣ ራሰ በራችንን ለሁሉም እናሳያለን» ይሉ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ኖታሪ፣ የሰውን ቃልና ፊርማ በማኅተም የሚያረጋግጥ ሹም ሆኑ። በእሳቸው አገር ኖታሪነት እዚህ እንደምናውቀው ፋርማሲ ጥግ ተቁሞ ማኅተም የሚመታበት ሥራ አይደለም፤ የአገሩ ዋና ዳኛ ራሱ ነው የሚሾመው። ማዕበል መትቷቸው ወደብ የገቡ የመርከብ አዛዦች ዕቃው የተበላሸው በባሕሩ እንጂ በእኛ ስንፍና አይደለም ብለው ቃላቸውን የሚሰጡት ለእሳቸው ነበር። «ገና ጨው ልብሳቸው ላይ ሳለ ነበር የሚመጡት» ብለውኛል። «ከልብሳቸው በፊት ቃላቸውን ማድረቅ ነበረብኝ።»

በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፣ መጻሕፍት ጻፉ። እኔ ስመጣ የሚጽፉት የመጨረሻው ስለ መሐላ ነበር። ሰው በየዘመኑ በምን እንደማለ፣ ማን እምቢ እንዳለ፣ እምቢ ያለውን ሕጉ ምን እንዳደረገው። የምግብ ጠረጴዛው በወረቀት ተሞልቶ ነበር፤ ሾርባ ለማቅረብ በየቀኑ አንድ ክምር ማንሳት ነበረብኝ።

አንድ የሚያናድድ ጠባይ ነበራቸው። «ዶክተሩ ደወለ» ስላቸው፣ «ዶክተሩ ራሱ ነው ወይስ ከቢሮው ሰው?» ይላሉ። «ሊዘንብ ነው» ስል፣ «ደመና አዩ ማለትዎ ነው» ይላሉ። ያየሁትንና የገመትኩትን ለይቼ ካልተናገርኩ አይለቁኝም። መጀመሪያ ላይ ውሸታም ያሉኝ መስሎኝ ተቀይሜ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

ታደሰ በጉበት ታመመ። መታመሙን ያወቅነው ዘግይቶ ስለነበር ሆስፒታል ብዙም አልቆየም። እሱም እኔም መጨረሻው መሆኑን አውቀናል። በሚስቱና በእህቱ መሐል ተኝቶ ነበር። እህቱ እትዬ አስካለ ናት። ታላቁ ናት፣ እኔንም በዕድሜ ትበልጠኛለች። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አልልም። ስፖንሰር አድርጎ ያመጣት ታደሰ ነው። ሄለን ሶፋ ላይ እየተኛች ክፍሏን ለአክስቷ ለቃ ሁለት ዓመት ኖራለች። ከዚያ አስካለ አፓርትመንት ተከራይታ ስትወጣ ለሰው የተናገረችው፣ «እዚያ ቤት አየር የለም» ብላ ነው።

ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት ታደሰ ዓይኑን ገልጦ ጠራኝ።

«ጥሩ» አለኝ። ስሜ ጥሩወርቅ ነው።

«አለሁ።»

«ሳሙኤል አጠገብ አድርጉኝ። አገር ቤት አትላኩኝ።»

ሳሙኤል የመጀመሪያ ልጃችን ነው። በአራት ዓመቱ ልቡ ደከመና ሞተብን። ያኔ እዚህ አገር አዲስ ነበርን፣ እድርም አልነበረንም፣ ዊተን የሚባለውን ሰፈር አለፍ ብሎ ካለ መካነ መቃብር ውስጥ አጥር ጥግ ቀበርነው። ታደሰ ተማሪዎቹን አድርሶ ሲመለስ ባዶውን አውቶቡስ በመቃብሩ በኩል አዙሮ ያልፍ ነበር። ይህን እኔና አለቃው እናውቃለን፤ አለቃውም አልከለከለውም።

«እሺ» አልኩት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አረፈ።

በዚያው ዕለት ቤታችን በሰው ሞላ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ግርማ ኮቱን ሳያወልቅ አጠገቤ ተቀመጠ። ለቅሶ ቤት ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው፣ ሁሉን ነገር ማሰናዳት ይወዳል።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ። አስከሬኑን የያዘውን ፊውነራል ሆም ኮል አድርጌዋለሁ፤ እሑድ በረራ አለ። የቀረው ያንቺ ሳይን ነው።»

«የምን ሳይን?»

«አስከሬኑ አገር ቤት እንዲሄድ ነዋ።»

«አገር ቤት አይሄድም» አልኩ። «እዚሁ ሳሙኤል አጠገብ አድርጉኝ ብሏል።»

አስካለ ከሶፋው ጥግ ቀና አለች።

«ለማን ነው ያለው?»

«ለኔ።»

«ማን ሰማ?»

«እኔ ሰማሁ።»

«አንቺ ብቻ።» ወደ ሰዉ ዞረች። «ትሰማላችሁ? እናቴ ዘጠና ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ አልጋ ላይ ሆና በር በሩን ታያለች። አንድ ቀን ይዤልሽ እመጣለሁ ብያት ነው የወጣሁት። አሁን በምን አፌ ነው፣ አጥር ሥር ቀበርነው የምላት?»

ሴቶቹ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም፤ ይህም ኋላ ተወርቶብኛል። ስለ እናትየው ያለችው እውነት መሆኑን ግን አልክድም።

የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሚካኤል እጃቸውን አንስተው ሰዉን ጸጥ አሰኙ። «የሟች ቃል ከሆነ ይከበራል» አሉ። «ቃሉ መሆኑን ግን እህቱ ተጠራጥራለች።»

«ትማልና ይለቅ» አለች አስካለ። «ወንጌል ይምጣ፣ እጇን ትጫንና ‹ብሏል› ትበል። ከዚያ በኋላ እኔ አፌን አልከፍትም።»

«አልምልም» አልኩ።

«አያችሁ።»

አቶ ግርማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እውነት ከሆነ ምን አስፈራሽ? አንድ ቃል እኮ ነው» አለኝ። ይህን ሲል እጁ ላይ ሳንቡሳ ነበር።

ለምን እንደማልምል አስካለ ከማንም በላይ ታውቃለች። ለእናንተ ልንገራችሁ። ታደሰን እንዳገባሁ፣ ገና አዲስ አበባ ሳለን፣ ከአማቴ ቤት የወርቅ ቀለበት ጠፋ። አዲሷ ሙሽራ እኔ ነበርኩና ዓይን ሁሉ ወደኔ ዞረ። ወንጌል ያስመጣችው አስካለ ነበረች። አልወሰድኩም ብዬ ማልኩ፤ እውነትም አልወሰድኩም። ቀለበቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከአሮጌ ካፖርት ገበር ውስጥ ወጣ። ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም። ሳሙኤል ሲሞትብን ደግሞ አስካለ ከአዲስ አበባ ደውላ ለታደሰ፣ «መሐላው ነው» አለችው። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ይሰማ ነበር፣ እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ታደሰ፣ «ቀለበቱ ተገኝቶ የለም እንዴ?» ሲላት፣ «በእውነትም ቢሆን የማለ ሰው ሳይከፍል አይቀርም» ብላ መለሰች።

ያንን ቃል አላመንኩበትም። ግን አንድ ልጅ ቀብሬ አንዲት ልጅ ቀርታኛለች። ሄለን እያለችልኝ ሁለተኛ ወንጌል ላይ እጄን አልጭንም።

አባ እያዘኑ፣ «እስከ ቅዳሜ አስቢበት ልጄ» አሉኝ። «ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ሳለ ሰውን ወዴት ብዬ ልጥራው?»

ሄለን ማእድ ቤት ውስጥ ያዘችኝ። «ማሚ፣ ጀስት ዶንት ሳይን» አለችኝ። «ዩ አር ሂዝ ዋይፍ። ያላንቺ ማንም መውሰድ አይችልም።»

«ከዚያስ? እኔና አንቺ ብቻችንን እንቅበረው?»

«ሶ ዋት?»

አባቷ በሰው ለቅሶ ሲሮጥ የኖረ ሰው ነው። በረዶ እየወረደ ሃያትስቪልም ሄርንደንም ድንኳን ሲተክል አይታዋለች። እሱ ለቀብሩ ሰው ያጣል ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። አልቻልኩም።

አርብ ጠዋት፣ «የሽማግሌውን ቤት ቁልፍ ልመልስ» ብዬ ተነሳሁ። ሰበብ ነበር። ከዚያ ሰው ሁሉ ከሚያየኝ ክፍል መውጣት ፈልጌ ነው። ሄለን በመኪና አደረሰችኝ። ሬሳው ሳይነሳ ሥራ ገባች የተባለው ይሄ ነው።

ሚስተር ዶናል በራቸውን ራሳቸው ከፈቱ። ጥቁር ልብሴን አይተው ኮፍያ ባይኖራቸውም እጃቸው ወደ ራሳቸው ሄደ። አስቀመጡኝ፣ ሻይ እሳቸው አፈሉ። በዚያ ቤት ተቀምጬ ስገለገል የመጀመሪያዬ ነው። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው።

«በመጀመሪያ» አሉ፣ «እዚህ አገር ጠበቃ አይደለሁም። ማኅተሜንም ሥራ ሳቆም በሞረድ ፍቄ ሰጥቻለሁ። ሚስት ነዎትና ያለ እርስዎ ፊርማ የሚሄድ አይመስለኝም፤ ይህን ግን የሜሪላንድ ሕግ የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ።»

«ልጄም እንደዚያው አለችኝ። እኔ የምፈልገው እንዲያምኑኝ ነው።»

«እሱ ከባድ ነው» አሉ። «ባለቤትዎ ምን አለ? የፈለገውን አይንገሩኝ። ያለውን ይንገሩኝ።»

ነገርኳቸው።

«ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር?»

«እኔ።»

«ሌላ?»

«እህቱ ወንበር ላይ ተኝታ ነበር።»

«መተኛቷን በምን አወቁ?»

እንደ ልማዳቸው መጡብኝ አልኩ በሆዴ። «ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ነበር።»

«እንግዲያው ፊቷን ሸፍና ነበር ይበሉኝ። እጆቿስ?»

«ነጠላው ሥር።»

«እጆቿ አይንቀሳቀሱም ነበር?»

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። አስካለ መቁጠሪያ አላት፣ ከእንጨት ፍሬ የተሠራ። ጸሎት ስታደርስ ፍሬዎቹ ሲጋጩ ቀጭን ድምፅ ያሰማሉ፣ ሌሊቱን ሁሉ ሲሰማ ያደረ ድምፅ ስለነበር ጆሮዬ ለምዶታል። ታደሰ «ጥሩ» ብሎ ሲጠራኝ የመቁጠሪያው ድምፅ ነበር። «አገር ቤት አትላኩኝ» ሲል ቆመ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የማሽኑ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ሰምታለች» አልኩ።

«ያ ግምት ነው» አሉ ሚስተር ዶናል። «የሰሙት መቁጠሪያው መቆሙን ነው።»

«እኔ ግን አውቃለሁ። ሰምታለች።»

ተነስተው ጠረጴዛቸውን ይዘው ቆሙ። ለመጽሐፋቸው የሰበሰቡትን ወረቀት እያዩ ግን ሳያነቡ ተናገሩ። «በድሮው የሮማ ሕግ አንድ ነገር አለ። ማል የተባለ ሰው ሦስት ምርጫ ነበረው፤ ይምላል፣ ወይም እምቢ ብሎ ይረታል፣ ወይም መሐላውን ለጠየቀው ሰው ይመልሳል። ‹እኔ አልምልም፣ አንተ ማል፤ ከማልክ ረታኸኝ› ይለዋል። የተመለሰበት ሰው ወይ ይምላል ወይ ይረታል። መልሶ መመለስ የለም።»

«እርስዎ ሲሠራ አይተዋል?»

«በዘመኔ አንድም ቀን። መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ነው የማውቀው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ይህ ምክር አይደለም። እጀታ የሌለው ቢላዋ ነው። ከማለች መፈረም አለብዎት። መፈረም ብቻ ሳይሆን ዝም ማለት አለብዎት፣ ዕድሜ ልክዎን። ይችላሉ?»

«አላውቅም» አልኳቸው።

«እንደሱ ቢሉኝ ይሻለኛል» አሉ፣ ሻዬንም ጨመሩልኝ።

ሄለን በመኪና ስትመልሰኝ መንገዱን ሁሉ ሳስብ ነበር። የማስበው ስለ ታደሰ ነው ብላችሁ ከገመታችሁ ተሳስታችኋል። የማስበው ስለ አስካለ ነበር። ሠላሳ ዓመት የማውቃት ሴት ናት። ሰው ታማለች፣ ትሳደባለች፣ የሰው ቤት እየኖረች የሰው ቤት ታንቋሽሻለች። በወንጌል ትዋሽ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሉም መጡ። አባ ወንጌሉን በጨርቅ ጠቅልለው አምጥተው ሄለን የምታጠናበት ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። አቶ ግርማ የፊውነራል ሆሙን ወረቀት በብዕር ደርቦ አጠገቡ አስቀመጠ። የአስካለ ልጅ ዳዊት ከሄርንደን መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። ዳዊት ትልቅ ሰው ነው፣ ኤርፖርት ይሠራል፤ አጎቱን የሚወድ ጥሩ ልጅ ነው። እናቱ ያላት ልጅ እሱ ብቻ ነው።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ምን አሰብሽ?» አሉ አባ።

ቆምኩ። «እኔ አልምልም» አልኩ። ከወደ ሴቶቹ ማጉረምረም ተነሳ፤ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። «መሐላውን ለእትዬ አስካለ መልሻለሁ። ታደሰ ይህን ሲናገር እሳቸው ወንበሩ ላይ ነበሩ። ወንጌሉ ላይ እጃቸውን ጭነው፣ ‹ወንድሜ እዚህ ቅበሩኝ ሲል አልሰማሁም› ይበሉ። ካሉ እፈርማለሁ። እሑድ ይሂድ። ከዛሬ በኋላም አፌን አልከፍትም።»

ሄለን፣ «ማሚ፣ ኖ» ስትል ሰማኋት። ክንዴን ይዛ ነበር፣ አስለቀቅኳት።

«ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ነው?» አለ አቶ ግርማ።

አባ ግን ወደ አስካለ ዞረዋል። «ነበርሽ?»

«ተኝቼ ነበር።»

«እንግዲያው መማሉ አይከብድሽም» አሉ።

አስካለ ተነሳች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስትነሳ ያለቀልኝ መሰለኝ። ቀጥ ብላ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፣ አባ ጨርቁን ገለጡላት። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ቀኝ እጇን ዘረጋች፤ ከወንጌሉ በላይ፣ ሳይነካው፣ አየር ላይ ቆመ። እኔ የማየው ብዕሩን ነበር። ልፈርም ተዘጋጅቻለሁ፤ ልጄን ብቻውን ላስቀረው ማለት ነው።

«በሉ፣ እማዬ» አለ ዳዊት ከበሩ። «ካልሰሙ አልሰማሁም ይበሉና እንሂድ።»

ዞር ብላ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ፊቴን ሸፍኜ ነበር» አለች።

«የተጠየቅሽው ስለ ጆሮሽ ነው» አሉ አባ።

እጇ ወረደ፣ ግን ወንጌሉ ላይ አይደለም። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቦታዋ ተመለሰችና ተቀመጠች። «እኔ ለምንድን ነው የምምለው? መማል ያለባት እሷ ናት» አለች።

«አትምይም ማለት ነው?»

የሆነ ሰው አሳለው፣ አፉን ያዘ።

«አስካለ።»

«አልምልም» አለች።

አባ ወንጌሉን መልሰው ጠቀለሉት። «አቶ ግርማ፣ ወረቀቱን አንሳው። ሰኞ እዚሁ እንቀብራለን። ሁላችሁም ትመጣላችሁ» አሉ።

መጡም። ደስ ብሏቸው አይደለም፣ መጡ እንጂ። ሳሙኤል አጠገብ ያለው ቦታ ክፍት ነበር፤ ሄለን አስቀድማ ደውላ አረጋግጣለች። ነፋሱ የካህናቱን ጥላ ሊገለብጥ ይታገል ነበር። ሚስተር ዶናል በታክሲ ከአሌክሳንድሪያ መጥተው ከሁሉ ኋላ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። አልጠራኋቸውም፣ አልተጠጉኝም። ፍትሐቱ ሲያልቅ ብቻ ጎንበስ ብለው ሄዱ። ፈረንጁን ያዩ ሰዎች ነገሩን አያያዙት፣ «ያስተማራት እሱ ነው» ተባለ። ይህ እውነት ነው። ተንኮል መሆኑን ግን አልቀበልም። እኔን አንቆ የያዘኝን ገመድ ነው ያቀበልኳት፤ ለእኔ ሲሆን ትክክል፣ ለእሷ ሲሆን ተንኮል ሊሆን አይችልም።

አስካለ ቀብር አልመጣችም። ዳዊት መጣ፣ አጎቱን ተሸከመ። የታደሰ እናት በዚያው ዓመት አዲስ አበባ አረፈች። ልጇ የት እንደተቀበረ ምን ብለው እንደነገሯት አላውቅም። አንዳንድ ቀን አስበዋለሁ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ በተለይ የሟች ቃል በጆሯችሁ ብቻ የቀረ ሴቶች፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። አስካለ ያልማለችው ለእውነት ስትል ይሁን ለዳዊት ፈርታ አላውቅም። ሚስተር ዶናልን ስጠይቃቸው፣ «እጇ መውረዱን አይተዋል። ሌላው ግምት ነው» አሉኝ። ብዙ ዓመት ይህ መልስ አላጠገበኝም። አሁን ግን ያን ያህል ይበቃኛል። እኔን የለወጠኝ መርታቴ አይደለም። እስከዚያ ቀን ድረስ የተበደልኩትን እንጂ የሆነውን መናገር አላውቅበትም ነበር። ያንን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ሚስተር ዶናል መጽሐፋቸውን ጨርሰው ነው ያረፉት። ከመሞታቸው በፊት ሜሪላንድ ውስጥ ኖታሪ ለመሆን እንዳመለከትኩ ስነግራቸው በጣም ሳቁ። «እኔ ዋናው ዳኛ እስኪሾመኝ ጸጉሬ አለቀ፤ እርስዎ በፖስታ ይሆናሉ» አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ትተው፣ «ሰው ከመፈረሙ በፊት ምን ሊፈርም እንደሆነ በራሱ አፍ ይንገርዎት። ሌላ ምክር የለኝም» አሉኝ። ጡረታ እስክወጣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ የጉዞ ወኪል ቢሮ ጥግ ላይ ተቀምጬ ይህንኑ ሳደርግ ኖርኩ። ችኩል ደንበኞች «ምን ታደርቀናለች» ይሉኝ ነበር።

ከቀብሩ ብዙ ዓመት በኋላ አንድ ቀን አስካለ መጣች። ምርኩዝ ይዛለች። አዲስ አበባ መምህር ስለነበረች ጡረታዋ እንዳይቋረጥ በሕይወት መኖሯን የሚያረጋግጥ ወረቀት ያስፈልጋታል። ሌላ ቦታ ሄዳ ነበር፤ አማርኛ የሚችል የለም ብለው ወደኔ ላኳት። ማን እንዳለ አልነገሯትም። ስታየኝ ልትመለስ ነበር፣ ግን ደረጃው አድክሟታል።

«ይቀመጡ» አልኳት።

ተቀመጠች። መታወቂያዋን አየሁ። «ምን ሊፈርሙ ነው የመጡት?»

«አታነቢውም?»

«በራስዎ አፍ ይንገሩኝ።»

«አለመሞቴን ነዋ» አለች። «ምን ያለ ጥያቄ ነው።»

«ሕጉ ሁለት መንገድ ይሰጣል። መማል ይችላሉ፣ ወይም ሳይምሉ በቃልዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ሁለቱም እኩል ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ፊት አልምልም።»

«እንግዲያው ያረጋግጡ።»

እጇን አነሳች። ያን ቀን አየር ላይ የቆመው እጅ ነው። «በሕይወት አለሁ» አለች። ፈረመች፣ ማኅተም መታሁ።

ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ግን አልተነሳችም። መስኮቱን እያየች፣ «መቃብሩ በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

በዋናው በር ገብቶ ወደ ግራ፣ እስከ አጥሩ ድረስ፣ ትልቁና ትንሹ ድንጋይ ጎን ለጎን እንዳሉ ነገርኳት። ደግማ እንድትልልኝ ጠየቅኳት፣ በትክክል ደገመችው።

ልውሰድዎት አላልኳትም።